በየትኛውም ቀን ያልነበረ ፉርጎ፦ የአንድ ኤክስ29 ሞዴል የጉዳይ ጥናት

መነሻ

አንድ ልምድ ያለው ሞዴል ሠሪ የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያን ኤክስ29 ዝግ ፉርጎ በኤችኦ ልክ፣ ማለትም በ1/87፣ ሠራ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ሪቬቶቹ (ላሜራውን የሚያያይዙት የብረት ምስማር ራሶች) አልተፋቁም፣ ቀለሙ አልወፈረም፣ በካሊፐር ሲለካም ከሩብ ሚሊ ሜትር በላይ የሳተ ቦታ አልተገኘበትም። የድሮ ፉርጎዎችን ለዓመታት ያጠና ሌላ ሰው ግን ሞዴሉን አገላብጦ ካየ በኋላ የሰጠው አስተያየት አጭር ነበር፦ «ይሄ ፉርጎ በየትኛውም ቀን አልነበረም።»

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ የሞዴሉ ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ገቡ። ሁለቱ ችግሮች አንዱ ከሌላው ባይገናኙም የተስተካከሉት በአንድ ላይ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ሁለቱንም ይዟል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ፉርጎው

ኤክስ29 የመጣው የአሜሪካ ባቡር ማኅበር በ1923 ለመላው አገሪቱ ደረጃ እንዲሆን ካቀረበው ንድፍ ነው። ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ ኤም-26 ብሎ የሠራው ፉርጎም ከዚሁ ንድፍ የተቀዳ ነው። ፔንሲልቬንያ ከ1924 እስከ 1934 ባሉት ዓመታት ወደ 30,000 የሚጠጉ ኤክስ29 አሠርቷል። የውስጥ ርዝመቱ 40 ጫማ ከ6 ኢንች፣ የውስጥ ከፍታው 8 ጫማ ከ7 ኢንች፣ የበሩ ስፋት 6 ጫማ ነው። እነዚህ በኤችኦ 141.7፣ 30 እና 21 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። የ1937ቱ ደረጃ ፉርጎ የውስጥ ከፍታ 10 ጫማ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ኤክስ29 በ5 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። በባቡር ሰልፍ መሀል ከሩቅ የሚያስለየውም ይኸው ማጠሩ ነው።

የውጭ ግድግዳው ላሜራ ነው፣ ውስጡ በጣውላ ተለብጧል። በሁለቱ መሀል የገባ ውሃ ላሜራው ከታችኛው ጠርዝ ብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይጠራቀማል፤ ዝገቱም ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ይበላዋል። በዚህ ምክንያት ከብዙዎቹ ፉርጎዎች ላይ የግድግዳው የታችኛው ክፍል ተቆርጦ አዲስ የላሜራ ቁራጭ ተተክቶበታል። ቁራጩ በፎቶ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ መስመር ሆኖ ይታያል። ኤክስ29 የሚሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን መስመር ነው።

እንዲህ ያለ ፉርጎ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያገለግል እንደ ተሠራ አይቆይም። ሲወጣ በአብዛኛው የነበረው የአየር ፍሬን ኬ የሚባለው ዓይነት ነው። ከመስከረም 1933 ጀምሮ አዲስ ፉርጎ ሁሉ ኤቢ ፍሬን እንዲገጠምለት ተደነገገ፤ የቀድሞዎቹም ቀስ በቀስ ተቀየሩ። ከሐምሌ 1953 በኋላ ደግሞ ኬ ፍሬን ያለው ፉርጎ ወደ ሌላ ኩባንያ ሐዲድ እንዳይሻገር ተከለከለ። የግድግዳው ጽሑፍም እንዲሁ ተለዋውጧል፤ የኩባንያው ዓርማ የሆነው ኪስቶን በትልቁ፣ ከጥላ ጋር መጻፍ የጀመረው በ1954 ነው።

ስሕተቱ ምን ነበር?

የሠሪው የሞዴል ባቡር መስመር ጥቅምት 1949ን የሚያሳይ ነው። ሞዴሉ ላይ ግን የተለያየ ዘመን ተደርቧል። የሥረኛው ክፍል ከ1920ዎቹ የፋብሪካ ንድፍ ስለተቀዳ ኬ ፍሬን አለው። የዝገት ቁራጩ የተወሰደው በ1950ዎቹ አጋማሽ ከተነሣ ፎቶ ነው። ዲካሉ፣ ማለትም በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው ጽሑፍ፣ ጥላ ያለውን ኪስቶን የያዘ ነው። ኬ ፍሬን ይዞ የ1954ን ምልክት የለበሰ ፉርጎ ከራሱ ኩባንያ ሐዲድ መውጣት አይፈቀድለትም ነበር። የሠሪው መስመር ደግሞ የሌላ ኩባንያ ነው፤ ፉርጎው እዚያ የሚገኝበት ምክንያት የለም።

ቦጊዎቹም፣ ማለትም መንኮራኩሮቹን የያዙት የሥር ክፍሎች፣ የእሱ አልነበሩም። ኤክስ29 የሚሄደው ፔንሲልቬንያ 2ዲ-ኤፍ8 ብሎ በሚጠራው ቦጊ ላይ ነው። ኪቱ፣ ማለትም ሞዴሉ የተገጣጠመበት የተዘጋጀ የክፍሎች ስብስብ፣ የያዘው ለማንኛውም ፉርጎ የሚሆን አጠቃላይ ዓይነት ነበር።

እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲታይ ትክክል መሆኑ ልብ ይባል። ሠሪው አልሰነፈም፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ያገኘውን የተሻለ ማስረጃ ተጠቅሟል። ማስረጃዎቹ የአንድ ቀን መሆናቸውን ግን አልጠየቀም።

ቀኑን መቁረጥ

ማስተካከያው ከቢላዋ ሳይሆን ከወረቀት ጀመረ። ሠሪው ስድስት ፎቶዎችን ዘርግቶ በእያንዳንዳቸው ላይ ያለውን የሚዛን ቀን በማጉያ መነጽር አነበበ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፉርጎዎች በየጥቂት ዓመቱ ባዶአቸውን ይመዘኑ ነበር፤ አዲሱ ክብደት፣ የመዘነው ጣቢያ ምልክት፣ ወሩና ዓመቱ በስቴንስል ይጻፍባቸው ነበር። ስለዚህ ፎቶው ከዚያ ቀን በፊት ሊነሣ አይችልም፤ በጣም ዘግይቶ እንዳልተነሣም መገመት ይቻላል። ከስድስቱ ፎቶዎች ሁለቱ ብቻ ከ1947 እስከ 1951 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቁ። ሌሎቹ አራቱ ወደ ጎን ተደረጉ። ከእነሱ አንዱ በጥራቱ ከሁሉም የበለጠ ነበር፤ እሱን መተው ከባድ እንደነበር አያጠራጥርም።

ከቀሩት ሁለቱ በአንዱ ላይ፣ ከታችኛው ጠርዝ ሥር የኤቢ ቫልቭ ጥላ ይታያል። የኬውን ሥራ በሙሉ መንቀል ግድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የተንጠለጠለ አንድ ጥያቄ ቀረ። ሁለቱም ፎቶዎች የተነሡት ከቢ ጫፍ፣ ማለትም የእጅ ፍሬኑ ካለበት በኩል ነው። የኤ ጫፍ (የሌላኛው ጫፍ) እና የጣሪያው ማስረጃ ስላልተገኘ፣ ሠሪው በእነዚህ ቦታዎች የኪቱን ሥራ ሳይነካ ተወው። ግምት ከመጨመር ይህ ይሻላል።

የድሮውን ሥራ ማፍረስ

ቀለሙ አክሪሊክ ስለነበር አካሉ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ አራት ሰዓት ተነክሮ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ተፋቀ። ብሩሹ በሪቬቶቹ ላይ ሲጫን ጫፋቸውን ስለሚያሳሳ ሥራው የሚፈልገው ጊዜ እንጂ ጉልበት አይደለም። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ አንድ ሌሊት ደረቀ።

የላሜራው ቁራጭ

የመጀመሪያው ቁራጭ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የስታይሪን ፕላስቲክ የተቆረጠ ነው። በእጅ ሲነኩት ስስ ነው። በ87 ሲባዛ ግን ወደ 22 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ይህን ያህል ወፍራም ብረት ፉርጎ ላይ የሚለጥፍ ሰው የለም። የሩብ ኢንች ላሜራ በዚህ ልክ 0.07 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሠሪው ወደ 0.13 ሚሊ ሜትር ወረደ። እሱም ሲሰላ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ነገር ግን ሁለት ስስ የቀለም ድርብ ካረፈበት በኋላ ዓይን ይቀበለዋል።

የቁራጩን ቁመት ለማግኘት በፎቶው ላይ መለኪያ የሆነው በሩ ነው። ስፋቱ 6 ጫማ መሆኑ ይታወቃል፣ ከቁራጩ ጋርም በአንድ ገጽ ላይ ነው። መጀመሪያ የተሞከረው በመንኮራኩሩ፣ በ33 ኢንቹ፣ መለካት ነበር፤ ውጤቱ ተሳሳተ። መንኮራኩሩ ከግድግዳው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚገኝ ለካሜራው ይርቃል፣ ስለዚህ አንሶ ይታያል። በእሱ የተለካው ሁሉ ከእውነቱ ይበልጣል። የበሩም ስፋት ቢሆን የሚያገለግለው ፎቶው ፉርጎውን ፊት ለፊት ሲያሳይ ነው፤ ከጎን በሰያፍ ሲነሣ ስፋት ይጠባል፣ ቁመት ግን አይነካም። ሠሪው የተጠቀመው ከሁለቱ ፎቶዎች ቀጥ ብሎ የተነሣውን ነው።

በፎቶው ላይ ቁራጩ በሪቬት ረድፍ ተይዟል። ረድፉን ከኋላ በመርፌ እየወጉ ለማውጣት ተሞከረ፤ 0.13 ሚሊ ሜትር ስታይሪን ይህን አይችልም። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሪቬት ላይ ይጨማደዳል፣ አለዚያም ይበሳል። ሁለት ቁራጮች ከተበላሹ በኋላ በዲካል ወረቀት ላይ በሬዚን የታተሙ ሪቬቶች ተለጠፉ። እነዚህ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በባዶው ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋሉ። ረድፉ በረዘመ ቁጥር የመጣመም ዕድሉ ስለሚጨምር ከ40 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ርዝመት እየተቆረጡ ተገጣጠሙ።

ቁራጩን ለማጣበቅ አሟሚ ማጣበቂያ፣ ማለትም ፕላስቲኩን አሟሙቶ የሚያያይዝ ፈሳሽ፣ በጣም በጥቂቱ፣ ከላይኛው ጠርዝ ብቻ በቀጭን ብሩሽ ተሰጠ። ከኋላ ሙሉ በሙሉ ቢቀባ አሟሚው መውጫ አጥቶ ስሱን ፕላስቲክ ያለሰልሰዋል፤ ገጹም እንደ ፈላ ሊጥ ያብጣል።

ፍሬኑ፣ የተገለበጠውም ንድፍ

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደውና ብዙ ያስተማረው ይህ ክፍል ነው።

ኤቢ ፍሬን ሦስት የተለያዩ አካላት አሉት፦ ሲሊንደሩ፣ በውስጡ ለሁለት የተከፈለው የአየር ታንክ፣ እና ቫልቩ። ወደ ቫልቩ የሚገባው ወይም ከእሱ የሚወጣው አምስት ቧንቧ ነው። አንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሚያልፈው ዋና ቧንቧ ይመጣል፤ ሁለቱ ወደ ታንኩ ሁለት ክፍሎች፣ አንዱ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳሉ፤ የመጨረሻው በቢ ጫፍ ላይ ወዳለው አየር ማቆያ ቫልቭ ይወጣል። ለዋናው ቧንቧ 0.5፣ ለቀጫጭኖቹ 0.3፣ ለፍሬን ዘንጎቹ 0.25 ሚሊ ሜትር የነሐስ ሽቦ ተመረጠ። የዋናው ቧንቧ የውጭ ስፋት 1.66 ኢንች ስለሆነ በኤችኦ 0.48 ይመጣል፤ 0.5 በቂ ነው። ብዙ ሰው ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሽቦ ይሠራል፤ ሲገለበጥ ወዲያው ያስታውቃል።

ስሕተቱ የመጣው ከንድፉ ነው። የሥር ክፍል ንድፍ ብዙ ጊዜ የሚሳለው ከላይ፣ ወለሉን አልፎ እንደሚታይ ሆኖ ነው። ሠሪው ሞዴሉን ጀርባውን አስተኝቶ፣ ቢ ጫፉን እንደ ንድፉ ወደ ቀኝ አድርጎ ገጠመ። ሲጨርስ ሲሊንደሩ ከፎቶው በተቃራኒው ጎን ተገኘ። ሞዴሉ ሲገለበጥ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል፣ ንድፉ ግን አልተገለበጠም። ሠሪው ሁሉንም ነቅሎ፣ ንድፉን በጠረጴዛው ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ እንደገና ገጠመው። አሁን ሲሊንደሩ በትክክለኛው ጎን ሆነ፤ ፒስተኑ ግን ወደ ኤ ጫፍ ዞረ።

ሁለተኛውን ስሕተት ያጋለጠው የቢ ጫፍ ትርጉም ራሱ ነው። ቢ ጫፍ የሚባለው የፍሬን ሲሊንደሩ ፒስተን ሲወጣ የሚሄድበት ጫፍ ነው። የእጅ ፍሬኑ ሰንሰለትም ያንኑ ሊቨር ወደዚያው አቅጣጫ ይስባል። ፒስተኑ ከእጅ ፍሬኑ ጎማ ወደ ተቃራኒው የሚያይ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ሲጠመዘዝ ሲሊንደሩ የሚሠራውን ያፈርሳል ማለት ነው።

መፍትሔው ንድፉን በኮምፒውተር ከመስተዋት እንደሚታይ ገልብጦ ማተም ነበር። አስተላላፊ ወረቀት ላይ አትሞ ከኋላ ማየትም ያው ነው። ሦስተኛው ግጥሚያ በአንድ ምሽት አለቀ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ወለሉ ላይ ሃያ ሁለት የማያስፈልጉ ቀዳዳዎችን ትተው ነበር፤ በስታይሪን ዘንግ ተደፍነው፣ ተቆርጠው በብርጭቆ ወረቀት ተስተካከሉ።

ወደ ውስጥ የገቡት ግድግዳዎች

የመጀመሪያው ግንባታ ካለቀ ከስድስት ሳምንት በኋላ ግድግዳዎቹ ከበሩ አካባቢ በእያንዳንዱ በኩል 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ገብተው ተገኙ። በእውነተኛው ፉርጎ 7 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ጥፋቱ ሙቀት ተደርጎ ነበር፤ ሞዴሉ ግን ከመሳቢያ አልወጣም።

መንስኤው የታፈነ አሟሚ ነው። ወለሉ ከሁለት ንጣፍ የተደረበ ነበር፤ በመሀላቸው ማጣበቂያ በብዛት ፈሰሰ፣ ወዲያውም አካሉ በሁሉም በኩል ተዘጋ። እንፋሎቱ መውጫ ስላጣ በሳጥኑ ውስጥ ቆይቶ የግድግዳዎቹን የውስጥ ገጽ አለሰለሰ። ያ ገጽ ቀስ እያለ ሲደርቅ ተኮማትሮ ግድግዳውን ወደ ራሱ ሳበ። ችግሩ ሞዴሉ ባለቀ ማግስት አይታይም፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከማጣበቂያው ጋር የማያገናኘው።

መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ማቅናት ተሞከረ። ለሬዚን ሞዴል ይሠራል፤ ለዚህ አልሠራም። ግድግዳው በጣት ሲያዝ ቀና፣ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ፤ ውሃው ከዚህ በላይ ቢሞቅ የበሩ ዝርዝር ይጠፋ ነበር። የሠራው ወለሉን ነቅሎ ከ2 ሚሊ ሜትር ስታይሪን ሦስት ማገሮች መትከል ነው፤ ሁለቱ በበሩ ግራና ቀኝ፣ አንዱ መሀል። የማገሮቹ ስፋት የተለካው በተበላሸው መሀል ሳይሆን በጫፎቹ፣ ግድግዳው ባልተነካበት ቦታ ነው። ያጣበቃቸው ኢፖክሲ ነው፤ እዚህ ላይ ተጨማሪ አሟሚ መጠቀም በሽታውን መድገም ይሆን ነበር። ወለሉ ላይ ከመሀሉ ተሸካሚ ብረት ጀርባ የማይታዩ ሁለት የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ተበሱ።

ክብደትና አካሄድ

የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤችኦ የሚመክረው 1 አውንስ ሲደመር ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ግማሽ አውንስ ነው። ይህ ሞዴል ወደ 6 ኢንች ስለሚጠጋ 4 አውንስ፣ ማለትም 113 ግራም ያስፈልገዋል። ባዶው 71 ግራም ነበር። በእጅ የነበረው የእርሳስ ፍንጣሪና ነጭ ማጣበቂያ ነው፤ ሞዴሉን መጀመሪያ አገላብጦ ያየው ሰው በጊዜ አስቆመው። ነጭ ማጣበቂያ ከሚለቀው አሲድ ጋር እርሳስ ቀስ እያለ ይዋሐዳል፣ ያብጣል፤ ዓመታት ቆይቶ የሞዴሉን ግድግዳ ይፈነቅላል። በምትኩ 42 ግራም የብረት ሮንዴላ በኢፖክሲ ተያዘ።

የ2ዲ-ኤፍ8 ቦጊዎቹ ሲገቡ የመቀጣጠያው መሀል ከሐዲዱ በላይ 9.5 ሚሊ ሜትር ላይ ወደቀ፤ መሆን ያለበት 9.9 ነው። በእያንዳንዱ ቦጊ ላይ የ0.4 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ልዩነቱን ሞላው። የአንዱ ቦጊ ብሎን ዙሮ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ጠበቀ፤ የሌላኛው ወደ ጎንም እንዲወዛወዝ ላላ። ሁለቱም ከጠበቁ ያልተስተካከለ ሐዲድ ላይ አንዱ መንኮራኩር ይንሳፈፋል።

ጽሑፉ

አዲሱ ዲካል ከ1954 በፊት የነበረው ነው። እዚህም አንድ ነገር ሊያመልጥ ነበር። የ50 ቶን ፉርጎ ባዶ ክብደቱና ሊጫንበት የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ሲደመሩ በዚያ ዘመን 169,000 ፓውንድ መምጣት አለባቸው። ዲካሉ 46,100 እና 122,900 ይላል፤ ልክ ነው። ሠሪው ፉርጎው እንደገና ተመዝኗል ለማለት ባዶ ክብደቱን ወደ 45,600 ሲቀይር ሁለተኛውን ቁጥር ረሳው፣ ድምሩም 168,500 ሆነ። ወደ 123,400 ተስተካከለ። አዲሱ ክብደትና ቀን የተጻፈበት ቦታ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቀለም ተቀባ፤ የቀረው ግድግዳ ግን አቧራና ጥላሸት ለበሰ። በእውነተኛው ፉርጎም ሠራተኞች ይቀቡ የነበረው ያችኑ ቦታ ብቻ ነው።

ለሌላ ሥራ የሚያገለግለው

ከኪቱ በፊት ቀን ይመረጥ። ለእያንዳንዱ ክፍል ማስረጃው ፎቶ ይሁን ንድፍ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነም በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ገጹ ላይ ሁለት ዘመን ከታየ ገና አንድ ፕላስቲክ ሳይቆረጥ ይታረማል። ጥሩ ፎቶ ማለት ጥርት ያለ ፎቶ ሳይሆን ቀኑ የሚታወቅ ፎቶ ነው።

ውፍረት ሁሉ በ87 ተባዝቶ ይታይ። ሞዴል ሠሪዎች ርዝመትና ቁመትን ይለካሉ፣ ውፍረትን ግን ባገኙት ንጣፍ ይወስናሉ።

የሥር ንድፍ ከላይ ይሁን ከታች የተሳለ መሆኑ ሳይታወቅ አንድ ቀዳዳ አይበሳ። ፒስተኑና የእጅ ፍሬኑ ወደ አንድ ጫፍ ማየታቸውን መፈተሽ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ዝግ አካል ያለው ማንኛውም የስታይሪን ሞዴል መተንፈሻ ይፈልጋል። የዚህ ፉርጎ ወለልም በስተመጨረሻ በማጣበቂያ ፈንታ በሁለት ብሎኖች ተያዘ፤ የኤ ጫፉ ፎቶ አንድ ቀን ከተገኘ ሳይሰበር ይከፈታል።